የተቆጠረው ወርቅና ያልተቆጠረው ዘር፦ የጓሮ ዘር አጠባበቅ ታሪክ በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ የጓሮ ዘር ነው። ለታሪክ ተማሪ ርእሱ ባዕድ ሊመስለው ይችላል። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻና ስለ ግብር በስፋት ይተርካሉ፤ ሕዝቡ ምን ይዘራ እንደ ነበርና የዘራውን ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው እንዴት ያቆየው እንደ ነበር ግን እምብዛም አይነግሩንም። ዘርን ለግብርና ባለሙያ፣ ጓሮንም ለእናቶቻችን ትተን ኖረናል። ዛሬ የማስረዳው ሐሳብ አንድ ነው፤ በዚህ ክልል የሕዝቡን ኑሮ በተመለከተ ጓሮው ከጽሑፍ ምንጮቻችን የበለጠ ያውቃል፤ ይህ ምንጭ ግን ከማንኛውም ብራና ፈጥኖ ይጠፋል። ብራና መቶ ዓመት ሳይነበብ ሊቆይ ይችላል። የጓሮ ዘር ጥቂት ክረምት ሳይዘራ ካለፈ ግን የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ዘመናቱን «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የጽሑፍ ምንጮች የቆጠሩት

እ.ኤ.አ. በ1820 የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በሱዳን ላይ ጦር አዘመተ። በልጁ በእስማኤል የተመራው ሠራዊት እስከ ፋዞግሊ ዘልቆ ወደ በርታ ምድር ተጠጋ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮም ከዚሁ ጦር ጋር ነበር። ዘመቻው ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ወርቅና ለወታደርነት የሚያገለግሉ ባሪያዎች። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1883፣ ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ሹቨር በቤኒሻንጉል ተዘዋውሮ ማስታወሻ ጽፏል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ፤ የአሶሳው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰንም በማእከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ። ከዚያ በኋላ አካባቢው በቤተ መንግሥት ዘንድ የሚታወቀው በወርቅ ግብሩ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል ደግሞ የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በኢትዮጵያ፣ ሌላውን በሱዳን አስቀረው።

እነዚህ ምንጮች ዋጋቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹና ያሰማሯቸው መንግሥታት የፈለጉትን ቆጠሩ እንጂ ሕዝቡን ያኖረውን አልቆጠሩም። የወርቁ ወቄት ሲመዘገብ የማሽላው ዓይነት አልተመዘገበም። የባሪያ ፍንገላ በአንድ መንደር ላይ ሲደርስ ስንት ሰው እንደ ተወሰደ አልፎ አልፎ እናነባለን፤ ያመለጡት ሰዎች በሸሹበት ቆላ በቀጣዩ ክረምት ምን ዘርተው እንደ ኖሩ ግን የሚነግረን የለም።

ስለ እነዚህ ያመለጡ ሰዎች አንድ ነገር ማመዛዘን ይቻላል። በምዕራቡ ቆላ የሚዘራው ነባር ማሽላ ለመድረስ ከአምስትና ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ባሚያ በበኩሉ በሁለትና በሦስት ወር ለወጥ ይደርሳል፤ የዱባ ቅጠልም ከዚያ ቀድሞ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ቤቱን ጥሎ ለሄደ ቤተሰብ እስከ መኸር የሚያደርሰው ሲሳይ የሚገኘው ከጓሮ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘር ደግሞ በአንዲት ቅል ውስጥ ይገባል።

ጓሮን እንደ ምንጭ ማንበብ

የታሪክ ባለሙያ ጓሮን እንዴት ያነባል? የመጀመሪያው ቁልፍ ስም ነው። በአማርኛ ባሚያ የምንለውን ተክል በርታዎች ከንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። «ባሚያ» ከዐረብኛ የመጣ የገበያ ቃል ነው። ሕዝቦቹ ለተክሉ ከገበያው ቃል የተለየ የየራሳቸው ስም ያላቸው መሆኑ ትውውቁ ከንግዱ ጋር ብቻ የመጣ አለመሆኑን ያመለክታል። የተክሉ የመጀመሪያ መገኛ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ግን ባሚያን የሐበሻ ምድር ብሎ በሰየመው የሰብሎች መገኛ ውስጥ ከጤፍ፣ ከኑግና ከፌጦ ጋር መድቦታል።

ሁለተኛው ምሳሌ በቆሎ ነው። በቆሎ፣ ቃሪያና ዱባ የተገኙት ከአሜሪካ አህጉር ስለሆነ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በፊት በአገራችን ሊኖሩ አይችሉም። በቆሎ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች «የባሕር ማሽላ» መባሉም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ሕዝቡ በሚያውቀው ዘመድ ስም ጠራው። ማሽላ በአንጻሩ የዚህ ምድር ባላገር ነው። በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የታተመ የማሽላ ገለባ ሰብሉ ከ5,000 ዓመት በፊት በሰው እጅ መለመድ እንደ ጀመረ አሳይቷል። ሥፍራው ከአሶሳ በስተ ሰሜን፣ በዚያው በሱዳን ሜዳና በኢትዮጵያ ተራሮች መጋጠሚያ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ተራ የአሶሳ ጓሮ ሦስት ዘመናትን አጣምሮ ይይዛል፤ ከጥንት የነበረውን ቅልና ባሚያ፣ በባሕር ንግድ ዘመን የደረሰውን ቃሪያና ዱባ፣ በቅርቡ ከሰፈራ ጋር የመጣውንም እንዲሁ። ይህን ያህል ዘመን ባንድ ገጽ የያዘ ሰነድ በመዛግብት ቤቶቻችን ብዙ አይገኝም።

ቅል፣ አመድና ጭስ

አሁን ወደ አጠባበቁ ልለፍ። የዘር ጥበብ የሚጀምረው ከምርጫ ነው። ባሚያ የምትዘራ እናት ከጠንካራው ግንድ ላይ ጥሩ ፍሬ መርጣ ለወጥ ሳትቆርጠው ትተወዋለች። ፍሬው እዚያው ተክሉ ላይ እስኪጠነክርና እስኪደርቅ ይጠበቃል። በምግብ እጥረት ወር የሚበላን ነገር ሳይበሉ መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ በየዓመቱም የሚወሰን ነው። የማሽላው ዛላም ከአጨዳው አስቀድሞ፣ ማሳው ገና ሳይነካ፣ ቁመናው ታይቶ ይመረጣል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ከክምር ላይ የሚመርጥ ሰው የእህሉን ፍሬ ያያል እንጂ የተሸከመውን ተክል አያየውም፤ ተባይን የተቋቋመውን፣ ነፋስ ያልጣለውን፣ አቀንጭራ ያላቀጨጨውን ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ቀጥሎ ማድረቅ ይመጣል። አሜሪካዊው የዘር ሳይንስ ሊቅ ሃሪንግተን በ20ኛው መቶ ዘመን ያስቀመጠው ዝነኛ መመሪያ አለ፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በመቶኛ በአንድ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ያድጋል፤ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። አሶሳ ደግሞ ከፍታዋ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ዝናቧ ከሚያዝያና ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ፣ አየሯ ሞቃትና ርጥብ የሆነ አገር ናት። ሙቀቱን መቀነስ አይቻልም፤ የቀረው እርጥበቱን ማሸነፍ ነው። ከምድጃ በላይ፣ ከቆጡ ሥር የሚንጠለጠለው የማሽላ ዛላ፣ የበቆሎ ራስና ከነሽፋኑ የደረቀው ባሚያ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የእሳቱ ሙቀት ያደርቃል፤ ጭሱ ነቀዝን ያርቃል፤ ጥላሸቱም ይሸፍናል። የዱባና የቅል ዘር ታጥቦ፣ በአመድ ታሽቶ ይደርቃል። አመድ እርጥበትን ይመጥጣል፤ በዘሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶም የነቀዙን መንቀሳቀሻ ይዘጋል። በመጨረሻም ዘሩ አፉ በተደፈነ ቅል ውስጥ ይገባል። ዘሩም፣ ዘሩን የሚይዘው ዕቃም ከአንድ ጓሮ የበቀሉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ወሰን አለው። የባሚያ ዘር በደንብ ከደረቀ ጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ዓመት ከሁለት ዓመት አያልፍም። በአሶሳ የሚታወቀው ማንጎ ደግሞ ጨርሶ አይከማችም፤ ፍሬው ሲደርቅ ይሞታል። ቅል ዘርን የሚያቆየው እስከ ቀጣዩ ዘር ጊዜ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማቆያው መሬቱ ራሱ ነው። የጓሮ ዘር አጠባበቅ ማለት በተግባር ሰንሰለቱን አለማቋረጥ ማለት ነው።

በ1977 ዓ.ም. የመጡት

ሰንሰለቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከክልላችን የቅርብ ታሪክ መማር ይቻላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከድርቁ ጋር አያይዞ ባካሄደው የሰፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። በጣና በለስ ሸለቆ፣ በፓዌ፣ ከ80,000 ያላነሰ ሰው ሰፈረ፤ ወደ አሶሳና ባምባሲም በአብዛኛው ከወሎ የመጡ አባወራዎች ተጓጓዙ። በጭነት መኪናና በአውሮፕላን የመጣ፣ ከመጠለያ የተነሣ፣ ብዙው በረሃብ የደከመ ሕዝብ ነበር። ከዘሩ ብዙውን ከመነሣቱ በፊት በልቶታል፤ ሰው ዘሩን ከበላ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

የወሎን ገበሬ የዘር ዕውቀት ለመገመት አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ሲመረምሩ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበለጸገባቸው ጥቂት ዓይነቶች አገኙ። ምንጫቸው ወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ቤተ ሙከራውን አልጠበቀም፤ ከእነዚህ ማሽሎች አንዱን «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ የምርምሩን ውጤት አስቀድሞ ተናግሯል። እንግዲህ ወደ አሶሳ የመጣው ሕዝብ ይህን ያህል የጠለቀ ዕውቀት የነበረው፣ ዘሩ ግን በእጁ የሌለ ሕዝብ ነበር።

በሰፈራው መንደሮች ዋናው እርሻ የኅብረት ነበር፤ የሚዘራውን ሰብል፣ ዘሩንና ጊዜውን የሚወስነው መንግሥት ነበር። ለየቤተሰቡ የተተወው አነስተኛ የጓሮ መሬት ነው። ስለዚህ ገበሬው ገበሬ ሆኖ የቆየው፣ የራሱን ዘር መርጦ የራሱን ውሳኔ የወሰነው በዚያች ቁራሽ ጓሮ ላይ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ፤ የቀሩት ከበርታውና ከጉሙዙ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ዛሬ በአሶሳ ገበያ ጤፍና ጎመን፣ ባሚያና ሰሊጥ፣ ከርከዴና በርበሬ ጎን ለጎን ሲሸጡ የምናየው የዚህ ታሪክ ውጤት ነው።

የዘር ባንክ ያዳነውና ያልደረሰበት

አገራችን በዘር ጥበቃ ታሪክ ስሟ ከፍ ያለ ነው። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ወደ ሌኒንግራድ ወሰደ። እርሱ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ፤ ከባልደረቦቹም አንዳንዶቹ በከተማዋ ከበባ ወቅት ከዘር ከረጢቶቹ ሳይበሉ በረሃብ ሞቱ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የዕፀዋት ጀነቲክ ሀብት ማእከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዚሁ ወራሽ ነው። ማእከሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ሥራው በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ እንዳይታጠር ተከራከሩ፤ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ እየተዘራ መጠበቅ አለበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው። በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ እንደ ተመሠረተው ያሉ የማኅበረሰብ ዘር ባንኮችም የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ናቸው።

ይሁን እንጂ ስብስቡን እንደ ታሪክ ሰነድ ስናየው ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ እናስተውላለን። የቫቪሎቭ ጉዞ ያተኮረው በደጋው ላይ ነበር። በብሔራዊው ባንክ ካሉት ከ60,000 በላይ ናሙናዎች ትልቁን ድርሻ የያዙት ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍን የመሳሰሉት ናቸው። ይህ በቂ ምክንያት አለው፤ አገርን የሚመግቡት እነዚህ ናቸው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ የበሽታ መቋቋሚያ ዘረመል በአሜሪካ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ከቢጫ አቀንጭር ቫይረስ ታድጓል። ነገር ግን የምዕራቡ ቆላ ጓሮ፣ ባሚያውና ቅሉ፣ ያንን ያህል ጎብኚ አላገኘም። እንደ ቦዬ በሥሩ፣ እንደ ማንጎ በችግኝ የሚተላለፈውን ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ክፍልም ቢሆን በዘር መልክ ሊይዘው አይችልም። የእነዚህ ብቸኛው ባንክ ጓሮው ነው።

መስከረምና ባዶው ቅል

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነጥብ ደርሻለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በመተከል ዞን በተፈጸሙ ጥቃቶችና ግጭቶች ብዙ ሰው ሞቷል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ተፈናቅሏል። የፖለቲካ ተንታኙ የሞቱትንና የተፈናቀሉትን፣ የተቃጠሉትን ቤቶች ይቆጥራል፤ መቁጠርም አለበት። የዘር ታሪክ ባለሙያ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ወሩ ለምን ይመዝናል?

በመስከረም ያለፈው ዓመት ዘር በቤት የለም፤ በግንቦትና በሰኔ ተዘርቷል። የዘንድሮው ዘርም ገና አልደረሰም፤ ማሽላው በማሳ ላይ ቆሟል፤ ለዘር የተተወው ባሚያም ገና እየጠነከረ ነው። ከቆጡ ሥር የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ ቅሉ ባዶ ነው። በጥር የሚሸሽ ሰው ዘሩን በነጠላው ጠርዝ ቋጥሮ ሊሄድ ይችላል፤ በመስከረም የሚሸሽ ሰው ግን የሚቋጥረው የለውም። መሬቱ ላይ ያለው ዘርም ሰብሳቢ አጥቶ ይረግፋል። ስለዚህ ከመጠለያ የተመለሰ ቤተሰብ ቤቱ ቢሠራለት፣ በሬ ቢሰጠው፣ የበቆሎ ዘር ቢታደለው እንኳ የእናቱ ከንከሴ አይመለስለትም። የአስቸኳይ ጊዜ የዘር እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በዋና ዋና የእህል ሰብሎች ላይ ነው። የጠፋው የጓሮ ዘር በማንም የጉዳት መግለጫ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የመጽናኛ ምክንያት አለ። ሰንሰለቱ በአንድ ቤት ቢቋረጥም በጎረቤት ቤት ሊቀጥል ይችላል። የጓሮ ዘር አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ አይሸጥም፤ በጎረቤት፣ በዘመድ፣ በጋብቻ ይተላለፋል። በርታው ከኩርሙክ ማዶ ካለው ዘመዱ ያገኛል፤ ሰፋሪው ከነባሩ፣ ነባሩም ከሰፋሪው ይቀበላል። በሌላ አነጋገር የአንዱ ቤት ዘር ዋስትናው የጎረቤቱ ጓሮ ነው። ጎረቤታሞችን የሚለያይ ግጭት ዘሩን ብቻ ሳይሆን ዘሩ የሚመለስበትንም መንገድ ይዘጋል።

በአማርኛችን «ዘር» የሚለው ቃል ትውልድንም፣ የሚበቅለውንም ፍሬ ይጠራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ስንል የመጀመሪያውን ማለታችን ነው። በዚህ ክልል ማን ነባር፣ ማን መጤ እንደሆነ ሲቆጠር የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጓሮው ግን ይህን ቆጠራ አያውቅም። የባሕር ማሽላው ከጥንቱ ቅል ሥር ይበቅላል፤ የማነው ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዩኒቨርሲቲ ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛው መመዝገብ ነው። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠሩ የጓሮ ተክሎችን ስም በበርትኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ፣ በማኦኛና በኮሞኛ፣ ከአጠባበቃቸውና ከመጡበት መንገድ ጋር ቢሰበስቡ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ መዝገብ ይኖረናል። ዕውቀቱ ያለው በአብዛኛው በእናቶች ዘንድ ስለሆነ ቃለ መጠይቁም ከእነርሱ ይጀምር።

ሁለተኛው መዝራት ነው። በአሶሳና በፓዌ የግብርና ምርምር ማእከላት አሉ። ከእነርሱ ጋር በመተባበር ከየወረዳው የተሰበሰበ የጓሮ ዘር በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታደስበት አንድ ማሳ ያስፈልገናል። ዓላማው ዘሩ ከጠፋበት ቤተሰብ የሚጠይቅ ሲመጣ አንድ እፍኝ መስጠት መቻል ነው።

ሦስተኛው መብትን ማክበር ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢ ማኅበረሰቦች የጀነቲክ ሀብታቸውን የመጠቀምና እርስ በርስ የመለዋወጥ የማይገሰስ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከአንዲት እናት ጓሮ የወሰድነው ዘር የእርሷ ማኅበረሰብ ሀብት ሆኖ ይቀጥላል፤ ስናትም ስማቸውን፣ ስንጠቀምም ድርሻቸውን አንዘንጋ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ የታሪክ ሥራ አይደለም ሊሉኝ ይችላሉ። መልሴ አጭር ነው። ሰነድ እየተቃጠለ ሲያይ «እኔ አንባቢ እንጂ እሳት አጥፊ አይደለሁም» የሚል የመዛግብት ሠራተኛ አናደንቅም። ጓሮው ሰነድ መሆኑን ከተቀበልን ኃላፊነቱም ይከተላል። የሚቀጥለው የዘር ወቅት ግንቦት ነው፤ ሥራው እስከዚያ ድረስ ሊጀመር ይችላል።

 አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ።